የተራራ ብስክሌት የፊት መንኰራኵር ደጋግሞ የሚላላበት ምክንያትና የሚታረምበት መንገድ

ብስክሌት ከውጭ አገር እያስመጡ የሚሸጡ ነጋዴዎችና በየሰፈሩ የጥገና ሥራ የያዙ ባለሙያዎች ከደንበኞቻቸው ከሚሰሙት አቤቱታ ሁሉ ቀላል የሚመስለው፣ ነገር ግን እጅግ የሚያሠጋው፣ «የፊት ጎማዬ ይላላል፤ ባጠብቀውም ተመልሶ ይላላል» የሚለው ነው። የኋላው መንኰራኵር በላላ ጊዜ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ጎማውም ከብረቱ ጋራ ይታከካል፤ ነጂውም ወርዶ ያየዋል። የፊተኛው ግን ከቦታው የወጣ እንደሆነ ሹካው ራሱ መሬቱን ወግቶ ስለሚቆም ነጂው ከመሪው በላይ ተወርውሮ በፊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ይህን አቤቱታ የሰማ ሻጭ ደንበኛውን «አጥብቀው» ብሎ ማሰናበቱ በቂ መልስ አይደለም።

ነገሩ ለነጋዴው የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። ብስክሌት ከፋብሪካ በካርቶን ሲላክ የፊቱ መንኰራኵር አብዛኛውን ጊዜ ተፈትቶ ከጐኑ ታስሮ ይመጣል። እንግዲህ መንኰራኵሩን በመጨረሻ በቦታው የሚያስገባውና የሚያጠብቀው እጅ የፋብሪካው ሠራተኛ እጅ ሳይሆን የሱቁ ረዳት እጅ ነው ማለት ነው። በአንዳንድ ሱቆችም ይህ ሥራ ብስክሌቱ ሊሸጥ ገዢው ቆሞ ሳለ በችኰላ የሚፈጸም ነው። ሜዳማ በሆኑት በባሕር ዳርና በሐዋሳ መንገዶች ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ሊቈይ የሚችል ጕድለት በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው ከእንጦጦ ፓርክ ቁልቁለት ላይ ግን በአንድ ቀን ሊገለጥ ይችላል።

ባለሙያው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «የላላው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ደንበኛው «ጎማው» ቢልም ከመሪው ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ ሊላሉ የሚችሉ ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ የሦስቱም ስሜት በነጂው እጅ ላይ ተመሳሳይ ነው። አንደኛው ፐርኖው በሹካው ጫፍ የተያዘበት ቦታ ነው። ይህን ፐርኖው የሚገባበትን ክፍት ቦታ ከዚህ በኋላ የሹካው አፍ እንለዋለን። ሁለተኛው በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ሦስተኛው ሹካው ከብስክሌቱ አካል ጋራ የሚጋጠምበት፣ ከመሪው በታች ያለው የአንገት ኩሽኔታ ነው።

እነዚህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሹካውን በአንድ እጅ ይዞ ጎማውን በላይኛው በኩል ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ ነው። ጎማው ከሹካው ተለይቶ ቢወላወል፣ ፐርኖው ግን በአፉ ውስጥ ሳይነቃነቅ ቢቀር ጕድለቱ የእምብርቱ ነው። ፐርኖው ራሱ ሲንቀሳቀስ በዐይን ቢታይ ወይም በጣት ቢዳሰስ ጕድለቱ የመቆለፊያው ነው። ከዚህም በኋላ የፊቱን ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመሪው ሥር ቢሰማ፣ እዚያም ላይ ጣት ሲደረግ ንቅናቄው ቢታወቅ የላላው አንገቱ ነው። አንገቱ ለላላበት ብስክሌት የመንኰራኵሩን መቆለፊያ ሲያጠብቁና ሲያላሉ መዋል ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው። አሞርዛተር ያለው ሹካ ካረጀ እግሮቹ ራሳቸው በሰገባቸው ውስጥ ስለሚወላወሉ ይህንንም ከሌላው ጋራ እንዳያደባልቁ መጠንቀቅ ይገባል።

ጕድለቱ የመቆለፊያው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብስክሌቱ የትኛውን ዓይነት መቆለፊያ እንደያዘ ማየት ነው። በገበያ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው፤ በዳዶ የሚታሰር ድፍን ፐርኖ፣ እጀታ ያለው ፈጣን መቆለፊያ፣ በሹካው አልፎ የሚታሰር ወፍራም ፐርኖ ናቸው። ከሦስቱ ብዙ ችግር የሚያመጣው ነጋዴዎች «ኩዊክ ሪሊስ» የሚሉት ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን አሠራሩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

የዚህ መቆለፊያ ታሪክ ከኢጣልያዊው ብስክሌት ነጂ ከቱልዮ ካምፓኞሎ ስም ጋራ የተያያዘ ነው። ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1927 በክሮቼ ዳውኔ ተራራ ላይ በውድድር ሳለ እጁ በብርድ ደንዝዞ የመንኰራኵሩን ዳዶዎች መፍታት ስላቃተው ይህን መሣሪያ እንዳሰበ ይነገራል። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 በቪቼንሳ ከተማ ተቋቋመ። መሣሪያው ለአስፋልት መንገድ ውድድር የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ድንጋይ ለድንጋይ በሚዘል ብስክሌት ላይ መገኘቱ ታሳቢው ከገመተው ሥራ የከበደ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ባዶ በሆነው ፐርኖ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ ያልፋል። በአንደኛው ጫፉ የሚዞር ዳዶ አለ፤ በሌላው ጫፉ እጀታ አለ። የእጀታው ሥር ካም የሚባል፣ መዞሪያው ከመሃሉ ወጣ ያለ ክብ ብረት ነው። እጀታው ሲታጠፍ ይህ ካም ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሁለቱም ጫፎች የሹካውን አፍ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጨምቃሉ። መንኰራኵሩን በቦታው የሚያቈየው ይህ ጭመቃ ብቻ ነው። እጀታው መንኰራኵሩን የሚይዘው እንደ ቡሎን በመዞር ሳይሆን እንደ መዝጊያ በመታጠፍ መሆኑን መገንዘብ ዋናው ነገር ነው።

ብዙ ሰዎች ግን እጀታውን እንደ ውሃ ቧንቧ እያዞሩ እስኪያቅታቸው ድረስ ያጠብቁታል፤ ከዚያም ተጠናቋል ብለው ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጭመቃ ካሙ በትክክል ሲታጠፍ ከሚሰጠው ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ዳግመኛም በዝላይና በንዝረት ጊዜ እጀታው ራሱ ወደ ኋላ ይዞራል። «ባጠብቀውም ይላላል» የሚለው ደንበኛ ብስክሌቱን ይዞ በመጣ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገሩ «እስቲ አንተ ዝጋውና አሳየኝ» ብሎ ማየት የችግሩን ግማሽ ይፈታል። ከሚያዞሩት ወገን ከሆነ ሌላ ምርመራ ከመጀመር በፊት ትክክለኛውን አዘጋግ ማሳየት ነው።

ትክክለኛውም አዘጋግ የሚከተለው ነው። ብስክሌቱ በሁለት ጎማው መሬት ላይ ይቁም፤ ክብደቱ ፐርኖውን እስከ አፉ ጣሪያ ድረስ ይገፋዋል። እጀታው ሙሉ በሙሉ ይከፈትና በሌላው እጅ ዳዶው በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቅ። እጀታው ወደ መዘጋት ሲመለስ ከፐርኖው ጋራ ቀጥ ባለ መሥመር ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ማለትም መንገዱን ባጋመሰ ጊዜ፣ መክበድ መጀመር አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ መንገድ በመዳፍ ተገፍቶ የሚዘጋ፣ በመዳፍም ላይ የእጀታውን ምልክት የሚተው መሆን ይገባዋል። ያለ ምንም ትግል ከተዘጋ ዳዶውን በሩብ ዙር መጨመር፣ ጨርሶ ካልተዘጋም መቀነስ ነው። ጣቶችን በሹካው እግር ላይ ጠምዶ በመዳፍ መግፋት ይረዳል፤ በመዶሻ ወይም በቱቦ ማስረዘሚያ ማጠብቅ ግን ካሙን የሚያበላሽ ድፍረት ነው። የተዘጋው እጀታ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ቢያመለክት መልካም ነው፤ ወደ ፊት የተዘረጋ እንደሆነ ቍጥቋጦ ሊከፍተው ይችላል።

እንዲህ በትክክል ተዘግቶም የሚላላ አለ። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ጭመቃው ወዴት እንደሚባክን መፈለግ ይኖርበታል፤ እውነተኛው የሞያ ሥራም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፐርኖው ርዝመት ነው። የተለመደው የፊት መንኰራኵር እምብርት በሹካው ሁለት እግሮች መካከል 100 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ፐርኖው ደግሞ 108 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማልና በየጐኑ 4 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ይህ ትርፍ ከሹካው አፍ ውፍረት ማነስ አለበት። ፐርኖው ከአፉ አልፎ ወደ ውጭ ብቅ ካለ መቆለፊያው የሚጨምቀው የሹካውን ብረት ሳይሆን የፐርኖውን ጫፍ ይሆናል፤ እጀታው በመዳፍ ላይ እጅግ የጠበቀ መስሎ ሳለ መንኰራኵሩ በእውነቱ በምንም አልተያዘም። ከሌላ ብስክሌት የተወሰደ ፐርኖ በተተካበት፣ ወይም አንደኛው ዳዶ ወደ ውስጥ ገብቶ ፐርኖው ወደ አንድ ወገን በተንሸራተተበት ጊዜ ይህ ይደርሳል። መድኀኒቱ ፐርኖውን ወደ መካከሉ መመለስ፣ ወይም ትርፉን በሞረድ መቀነስ ነው። ከምናውቃቸው ጕድለቶች ሁሉ አታላዩ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አጥብቆ የዘጋው ሰው እጁ የሚነግረውን ያምናል።

ቀጥሎ ሞላዎቹ ናቸው። በዘንጉ ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጠምዛዛ ሞላ አለ፤ አንደኛው ወገኑ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። ጠባቡ ወደ እምብርቱ፣ ሰፊው ወደ ውጭ መሆን አለበት። በተገለበጠ ጊዜ ሰፊው ወገን በፐርኖው ጫፍ ላይ ተደርቦ በመቆለፊያውና በሹካው መካከል ይጣበቃል፤ ጭመቃውም በሞላው ላይ ይቀራል። የሱቅ ረዳቶች በችኰላ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። ሞላዎቹ ሥራቸው መንኰራኵሩን ለማስገባት ማመቻቸት ብቻ ስለ ሆነ ቢጠፉም መቆለፊያው አይደክምም፤ ተጣምመው ከሚቀሩ ቢወጡ ይሻላል።

አዲስ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ቀለሙን መመልከት ያሻል። በሹካው አፍ ላይ የፈሰሰ ወፍራም ቀለም በጭመቃ ጊዜ መጀመሪያ ይይዛል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተፈርፍሮ ይወድቃል፤ በወደቀውም ቀለም ውፍረት ልክ መቆለፊያው ይላላል። የመቆለፊያው ፊት ወደ ብረቱ እንዲነክስ በቦታው ያለውን ቀለም መፋቅ ያስፈልጋል። በዚሁ ቦታ ዘይት ወይም ግራሶ ቢገኝ መጥረግ ነው። ዘይት የሚገባው በካሙ ላይ ነው፤ ደረቅ ካም የመዳፍን ጕልበት በሰበቃ ይበላዋልና። በዘንጉ ጥርስ ላይም ጥቂት ግራሶ አይከፋም።

ከዚያ በኋላ የመቆለፊያው ጥራት ይመጣል። ካሙ በብረት ሰገባ ውስጥ የተሸሸገበት ዓይነት አለ፤ ካሙ በግልጽ የሚታይበትና በፕላስቲክ ማረፊያ ላይ የሚንሸራተትበት ዓይነት አለ። ሁለተኛው ቀሎና ረክሶ ስለሚገኝ ብዙ ብስክሌቶች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ። ነገር ግን ሰበቃው ብዙ፣ ጭመቃው ያነሰ ነው፤ አቧራና ጭቃም ይገባበታል። የሚነክሰው ፊቱ ከለስላሳ አልሙኒየም የተሠራ እንደሆነ ጥርሱ ቶሎ ይደመሰሳል። ደጋግሞ ለሚላላ መንኰራኵር፣ በተለይም የዲስክ ፍሬን ላለው፣ ካሙ የተሸሸገ፣ የሚነክሰው ፊቱም ብረት የሆነ መቆለፊያ መግጠም ከሁሉ ያነሰ ወጪና ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ጥገና ነው ብለን እናምናለን።

የሹካውም አፍ ራሱ ሊጣመም ይችላል። መንኰራኵሩ በላላበት ጊዜ ብዙ የተነዳ ብስክሌት የአፉ ፊት በመቆለፊያው ጥርስ ተቦርቡሮ ይገኛል፤ ሁለቱ ጫፎችም ትይዩ መሆናቸው ይቀራል። የተሰነጠቀ ምልክት ከታየ መበየድ አይገባም፤ ሹካው ይለወጥ።

ለምን ይላላል ለሚለው ጥያቄ ጌርሃርድ ዩንከር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ዩንከር እንዳሳየው ቡሎንን ፈጥኖ የሚያላላው ቀጥ ብሎ የሚስበው ኀይል ሳይሆን የተያዙት ብረቶች ወደ ጐን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተቱ ነው። እያንዳንዱ መንሸራተት የጥርሱን ሰበቃ ለቅጽበት ስለሚሽር ዳዶው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህ ለብስክሌታችን የሚነግረን ነገር አለ። በቂ ጭመቃ ያለው መቆለፊያ መንሸራተትን ጨርሶ ስለሚከለክል አይላላም፤ ጥቂት የጐደለው ግን በዚያው ጥቂት ጕድለት ምክንያት እየባሰበት ይሄዳል።

መንሸራተት መኖሩን በርካሽ ዘዴ መመርመር ይቻላል። መቆለፊያው ከተዘጋ በኋላ ከዳዶው ፊት ወደ ሹካው የሚያልፍ አንድ መሥመር በቀለም ብዕር ማስመር ነው። ደንበኛው አንድ ቀን ነድቶ ሲመለስ መሥመሩ ተቈርጦ ቢገኝ ዳዶው ዞሯል ወይም ፐርኖው ወርዷል፤ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ተቈረጠም ከሁለቱ የቱ እንደ ሆነ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዲስክ ፍሬን እንምጣ። በቸርኬው ላይ የሚይዘው የቀድሞው ፍሬን መንኰራኵሩን ከአፉ ለማውጣት የሚያደርገው ግፊት አነስተኛ ነበር። የዲስክ ፍሬን ግን ብዙውን ጊዜ ከግራው የሹካ እግር በስተኋላ ይቀመጣል። መንኰራኵሩ ወደ ፊት ሲሄድ የዲስኩ የኋላ ጐን ወደ ላይ ይወጣል፤ የፍሬኑ ሸራ ይህን ሲይዘው ዲስኩን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ወደ ታች ደግሞ የሹካው አፍ ክፍት የሆነበት አቅጣጫ ነው። ይህን ጕዳይ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው ያነሣው እንግሊዛዊው የሳይንስ ሰው ጄምስ አናን ነበር።

የግፊቱን መጠን በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ናቸው እንበል። ነጂው በፊት ፍሬን ፍጥነቱን በየሰከንዱ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ቢቀንስ በጎማውና በመሬቱ መካከል ያለው ጕተታ 450 ኒውተን ይሆናል። የመንኰራኵሩ መካከል ከመሬት 34 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ 160 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ዲስክ ሸራው የሚይዘው ግን ከመካከሉ በ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በሸራው ላይ ያለው ኀይል 5 እጥፍ ያህል አድጎ ወደ 2200 ኒውተን ይደርሳል፤ ይኸውም ከ220 ኪሎ ክብደት ጋራ የሚመሳሰል ነው። ከመሬት ወደ ላይ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ጥቂቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መንኰራኵሩ ከድንጋይ ላይ በሚዘልበት ቅጽበት ይህ እርዳታ የለም።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ደረጃ፣ አይ ኤስ ኦ 4210 የሚባለው፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ሳለ በፐርኖው ሁለት ጫፎች ላይ እኩል የተከፈለ 2300 ኒውተን ወደ መውጫው አቅጣጫ ለ1 ደቂቃ ሲጐትት መንኰራኵሩ እንዳይነቃነቅ ያዛል። ከላይ ያሰላነው የፍሬን ኀይል ግን በአብዛኛው በግራው ጫፍ ላይ ብቻ የሚያርፍ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ በዲስክ ፍሬን ብስክሌት ላይ «መጠነኛ ጥበቃ» የሚባል ነገር የለም። አንዳንድ አምራቾች የሹካውን አፍ ወደ ፊት ያዘነበሉትም ስለዚህ ነው።

ከፍሬኑ ጋራ የተያያዘ ሌላም አደጋ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአገሩ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ብስክሌቶችን ለእርማት ጠራ። ምክንያቱም የመቆለፊያው እጀታ ከ180 ዲግሪ አልፎ የሚከፈት ስለ ነበረና ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ በሚዞረው ዲስክ ውስጥ ሊጠመድ ስለሚችል ነው። በዚያው ዓመት ከ10 የሚበልጡ ሌሎች አምራቾችም እንዲሁ አደረጉ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው መመርመሪያ ዛሬም ለማንኛውም ሱቅ ይጠቅማል፤ እጀታው ጨርሶ ሲከፈት በእርሱና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከአንድ እርሳስ ውፍረት፣ ካነሰ መቆለፊያው መለወጥ አለበት። ያገለገሉ ብስክሌቶችን የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን በየብስክሌቱ ቢመለከቱ ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድባቸውም።

በሹካው አፍ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ከንፈሮች የተደረጉት መቆለፊያው ሳይታወቅ ቢላላ እንኳ መንኰራኵሩ ወዲያው እንዳይወድቅ ነው። በእነርሱ ምክንያት መንኰራኵሩን ለማውጣት እጀታውን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ዳዶውንም ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ይህ የሚያሰለቻቸው አንዳንድ ሰዎች ከንፈሮቹን በሞረድ ያነሷቸዋል፤ ይህን ሥራ ደንበኛ ቢለምን እንኳ ባለሙያ ሊቀበለው አይገባም። ከንፈሮቹ ግን መጠባበቂያ እንጂ መቆለፊያ አይደሉም፤ በእነርሱ ተማምኖ በላላ መቆለፊያ መንዳት ከንፈሮቹንም ይጨርሳል።

በርካሽ የተራራ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው በዳዶ የሚታሰረው ድፍን ፐርኖ ነው። ብዙ ሰው ያረጀ ነገር ነው ብሎ ቢንቀውም በሚገባ ከታሰረ እጅግ የሚታመን ነው። የሚላላበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሮንዴላዎቹ አቀማመጥ ነው። ሮንዴላው ከሹካው ውጭ፣ በዳዶውና በሹካው መካከል ይገባል። አንዳንዱ ሮንዴላ መንጠቆ አለው፤ መንጠቆው በሹካው ላይ በተበጀለት ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህም እንደ ከንፈሮቹ መጠባበቂያ ነው። ከሹካው በስተውስጥ የተደረገ ትርፍ ሮንዴላ መንኰራኵሩን ያጣምመዋል። ዳዶዎቹ በ14 ወይም በ15 ቁጥር መፍቻ፣ አንዱን ጥቂት ሌላውን ጥቂት እያሉ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። አንዱን ወገን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሁለተኛው መሄድ ፐርኖውን ያዞረዋል፣ የኩሽኔታውንም ልክ ያበላሻል። ጥርሱ የተበላ ዳዶ ሲጠብቅ ለስላሳ ሆኖ ይዞራል፤ እንዲህ ያለው ይጣል። በፒንሳ የታሰረ ዳዶ ያልታሰረ ያህል ነው።

ጕድለቱ የእምብርቱ ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። በብዙዎቹ የፊት እምብርቶች ውስጥ በየጐኑ 10 የብረት ኳሶች አሉ፤ የእያንዳንዱም ስፋት 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። ኳሶቹን በቦታቸው የሚይዛቸው በፐርኖው ላይ የሚዞር ሾጣጣ ዳዶ ሲሆን፣ እርሱም እንዳይንቀሳቀስ በላዩ ሌላ ዳዶ ይቆልፈዋል። ሁለቱ በደንብ ካልተቆላለፉ ሾጣጣው በጕዞ ላይ ይዞርና መንኰራኵሩ ይወላወላል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ቀጭን የሆነ 13 ቁጥር መፍቻ ያስፈልጋል፤ ወፍራም መፍቻ አይገባም። ፈጣን መቆለፊያ ላለው እምብርት አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ባዶው ፐርኖ በጭመቃው ጊዜ በጥቂቱ ስለሚያጥር ኩሽኔታው ሲስተካከል እጅግ ጥቂት ውልወላ መተው አለበት፤ ያም እጀታው ሲዘጋ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው በእጁ ላይ አስተካክሎት በሹካው ላይ ሲገጥመው እንደ ወፍጮ የሚከብድ መንኰራኵር ያገኛል፤ በሳምንታት ውስጥም ሾጣጣው ይቦረቦራል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ በሹካው ውስጥ አልፎ በጥርስ የሚታሰረው ወፍራም ፐርኖ፣ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ለከባድ ቁልቁለት የሚሠራው 20 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ክፍት ስላልሆነ መንኰራኵሩ ተንሸራቶ ሊወጣ አይችልም። ይህም ቢሆን ጥርሱ ሊላላ ስለሚችል በላዩ በተጻፈው ልክ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ስፋቱ 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም።

ከሕግ አንጻር ነጋዴው ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የተስማማና ጕድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በቍጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ተለመደው ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጕዳት ተጠያቂ ነው፤ ሆኖም ጕድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ይህ ኀላፊነት የለበትም። የላላ መቆለፊያ በተለመደ ምርመራ የሚታወቅ ጕድለት ነውና አስመጪው ነገሩን በፋብሪካው ላይ ለመጣል የሚያገኘው ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ በሱቁ ለሚገጠም ለእያንዳንዱ ብስክሌት አንድ ትንሽ ወረቀት አዘጋጅቶ ማን እንደ ገጠመው፣ መቼ እንደ ገጠመው፣ መቆለፊያው መፈተኑንና ገዢው ራሱ ከፍቶ ዘግቶ ማሳየቱን በፊርማ መያዝ ጠቃሚ ነው። ገዢው ከመሄዱ በፊት እጀታውን በገዛ እጁ መዝጋቱ ከወረቀቱ ይበልጣል።

መለዋወጫ መቆለፊያ የሚያዙ ነጋዴዎች ለአቅራቢያቸው ሲጽፉ «ለተራራ ብስክሌት» ብለው ብቻ መጻፋቸው ስሕተት ያስከትላል። የፊቱን ከኋላው ለይተው የእምብርቱን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የዘንጉን ውፍረትና የጥርሱን ልክ፣ ማለት 5 ሚሊ ሜትር በ0.8፣ ካሙ የተሸሸገ መሆኑን፣ የሚነክሰውም ፊት ብረት መሆኑን ይግለጹ። ዕቃው በደረሰ ጊዜ ከየካርቶኑ አንድ አንዱን አውጥቶ በሹካ ላይ መዝጋትና የነከሰውን ምልክት ማየት ያስፈልጋል፤ በሹካው ብረት ላይ የጥርሱን ፈለግ ያልተወ መቆለፊያ ለሻጩ ተመላሽ ይሁን።